ቅጠል ሊያዩ የሄዱት ሽማግሌዎች

ይህን ታሪክ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ሁሉ የሰማው ከማይመለከተው ሰው አፍ ነው። አንዱ «ምንትዋብ ጃፓን ድረስ ሄዳ የልጅቷን አባት ሰበረቻቸው» ይላል። ሌላው «ሽማግሌዎቹን በሽተኞች ናችሁ ብለው አባረሯቸው» ይላል። ሁለቱም እዚያ አልነበሩም፤ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ከባለቤቷ ስሙት።

በመጀመሪያ ማንነቴን ልንገራችሁ። መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች መንዳት አስተምራለሁ። ከአገር ቤት ትናንት የገባውንም፣ ሃያ ዓመት በባስ የተንከራተተውንም አጠገቤ አስቀምጬ፣ በእኔ በኩል ባለችው ፍሬን ላይ እግሬን ጭኜ እጮህበታለሁ። ሃምሳን ካለፍኩ ቆይቷል። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። የወንድሜ ልጅ ኪሩቤል ግን ከዳይፐሩ ጀምሮ በእጄ ያደገ በመሆኑ የማነው ሲባል «የእኛ» እንላለን።

ኪሩቤል ኮሌጅ ፓርክ ሲማር ሃሩካ ከምትባል ጃፓናዊት ጋር ተዋወቀ። መንዳት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ትሕትናዋ ለመንገድ የሚሆን አልነበረም። አራት አቅጣጫ ስቶፕ ያለበት ቦታ ከደረስን ለመጣው ሁሉ እጅ እየነሳች «እርስዎ ይለፉ» ስትል፣ ከኋላችን ያለው ሰው በጥሩምባ ያደነቁረናል። እንዲህም ሆና ወደድኳት። ሰው ሲናገር የምታዳምጥ፣ ስትስቅ ደግሞ መላ ሰውነቷ የሚስቅ ልጅ ናት።

ሊጋቡ ፈለጉ። ግን ሃሩካ አንድ ነገር ተናገረች፦ አባቷ ካልፈቀዱ አታገባም፤ አባቷን ለመጠየቅ ደግሞ አትደፍርም። እናቷ በልጅነቷ ሞታባት ያሳደጓት አባቷና አያቷ ናቸው። የሚኖሩት በጃፓን ሰሜን፣ ሂሮሳኪ በምትባል የድሮ ቤተ መንግሥት ባለባት ከተማ ዳር ሲሆን አባቷ የፖም ገበሬ ናቸው። የእሷም ቪዛ እያለቀ ስለነበር በፎል፣ ቅጠል በሚቀላበት ወቅት፣ ወደ አገሯ ልትመለስ ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሳ መምጣቷ በአባቷ አፍ ላይ የተንጠለጠለ ነገር ሆነ።

ወንድሜ አሰፋ ወገቡን ኦፕሬሽን ሆኖ ተኝቷል። ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «እንግዲህ እንደ ወጋችን ሽማግሌ ይላካል» አለ።

«ጃፓን?» አልኩት።

«ጃፓን ሰው አይኖርም እንዴ?»

ሁለት ሽማግሌዎች ተመረጡ። አንደኛው የአሌክሳንድሪያው ጋሽ ሰዒድ ናቸው። ሰባን የዘለሉ፣ የደሴ ልጅ፣ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባልና ሚስት ሲጣላ መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው። ሁለተኛው የጀርመንታውኑ አቶ ታምሩ ናቸው። እኔ ስጦታ ተሸክሜ የምከተል አክስት ብቻ ነበርኩ። ኪሩቤልም «አክስቴ፣ በዚያ ሰዓት ቅጠሉ ቀልቶ ነው የሚጠብቅሽ፤ ሰው ከዓለም ዙሪያ እሱን ሊያይ ይሄዳል» ብሎ ስላጓጓኝ አዲስ ቦቲ ጫማ ገዛሁ። ይህን ጫማ እንደ ቀላል ነገር አትለፉት።

ሃሩካ ቀድማ ወደ አገሯ ሄዳ ነበርና እኛ ከኪሩቤል ጋር ኤርፖርት ደረስን። አቶ ታምሩ ፓስፖርታቸውን ለሠራተኛዋ ሰጡ። ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ እንደገና ፓስፖርቱን አየች። የሚስታቸውን ፓስፖርት ይዘው መጥተው ኖሯል። ጀርመንታውን ተመልሶ ለመምጣት ጊዜ የለም። አቶ ታምሩ ሻንጣቸውን እየጎተቱ፣ ሚስታቸውን እየረገሙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጋሽ ሰዒድ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። «ምንትዋብ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ጋሽ ሰዒድ፣ የሴት ዕድሜ ይጠየቃል እንዴ?»

«ለሽምግልና ይጠየቃል።»

በጆሯቸው ነገርኳቸው። «ይበቃል» አሉ። ሽማግሌ የሆንኩት በዚህ ዓይነት ነው።

ከቶኪዮ ወደ ሰሜን በሚበረው ባቡር ውስጥ ተመቻችተን ሳለ ኪሩቤል ጎንበስ ብሎ፣ «አክስቴ፣ ጋሼ፣ አንድ ነገር አለ፤ ግን ዶንት ፍሪክ አውት፣ እንዳትደነግጡ፣ ኦኬ?» አለ።

«ምንድን ነው?»

«የሃሩካ አባት ለምን እንደመጣን አያውቁም። ሃሩካ የነገረቻቸው፣ አሜሪካ ደግ የሆኑላት ሰዎች ቅጠል ሊያዩ እንደሚመጡ ነው።»

ጋሽ ሰዒድ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅጠል?»

«አዎ ጋሼ።»

«ከአሌክሳንድሪያ ተነስቼ? ደጄ ላይ ያለውን ቅጠል መጥረግ አቅቶኝ ጎረቤት እየከሰሰኝ?»

ሃሩካና አባቷ ባቡር ጣቢያ ተቀበሉን። አቶ ሞሪ አጠር ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ ሰው ናቸው። እጅ ነሱን፣ ከኪሳቸው ለያንዳንዳችን አንዳንድ ፖም አውጥተው ሰጡን፤ ከዚያ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ እንደ ሌላ ሰው አይደለም፤ የመዓዛ ቅባት እንደቀባ ሰው ዝምታቸው ቀድሟቸው ይገባል።

ቀጥታ የወሰዱን ወደ ቤተ መንግሥቱ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ቅጠሉን ሳይ ለጥቂት ጊዜ የመጣሁበትን ረሳሁ። ግንቡን የከበበው ሰፊ ቦይ ውኃው አይታይም፤ የረገፈው ቅጠል ምንጣፍ ሆኖበታል። ከቀይ ድልድይ በላይ ዛፎቹ የበርበሬ ድልህ የመሰሉ፣ ከሥራቸው እርድ የመሰሉ። ሰዉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

ግንቡ ነጭ፣ ትንሽ፣ ቆንጆ ነው። ሃሩካ ከሥሩ ያለው የድንጋይ ካብ ስለተጎዳ፣ ካቡ እስኪጠገን ድረስ ግንቡን እንዳለ ከቦታው አንስተው ወደ ጎን እንደወሰዱት ነገረችን።

«ሳያፈርሱት?» አሉ ጋሽ ሰዒድ።

«ሳያፈርሱት። ቀስ ብለው።»

«ምንትዋብ፣ እነዚህ ሰዎች ለመወሰን አይቸኩሉም ማለት ነው» አሉኝ በጆሮዬ። «ሥራችን ከባድ ነው።»

የሶላት ሰዓት ደረሰና ጋሽ ሰዒድ ገለል ብለው ከአንድ ቀይ ዛፍ ሥር ሰጋጃቸውን ዘረጉ። እሳቸው ሲሰግዱ አንድ ሽማግሌና ባለቤታቸው በአክብሮት ራቅ ብለው ቆሙ። ሰግደው ሲጨርሱ ባልና ሚስቱ ቀረብ ብለው፣ ጋሽ ሰዒድ ፊታቸውን ባዞሩበት አቅጣጫ ያለውን ቅጠል ስልካቸውን ዘቅዝቀው ፎቶ አነሱ። ደህና ማያ ቦታ ያገኙ መስሏቸው መሆን አለበት። ጋሽ ሰዒድ «ማሻ አላህ» አሏቸው። እነሱም እጅ ነሱ።

አመሻሹ ላይ ወደ አቶ ሞሪ ቤት ሄድን። እንግዲህ ጫማዬ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። በሩ ላይ ሁሉም ሰው ጫማውን አውልቆ ገባ። የእኔ ቦቲ ዚፑ እምቢ አለ። ኪሩቤል ሞከረ፣ እምቢ አለ። አቶ ሞሪ ምንም ሳይናገሩ መጥተው ተንበረከኩ፣ ተረከዙን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ጎተቱ። ቦቲው በድንገት ተመዞ ሲወጣ አቶ ሞሪ ጫማዬን ታቅፈው በጀርባቸው ወደቁ።

ማንም አልሳቀም። ያ ነው የከፋው። ተነሱ፣ ጫማዬን አስተካክለው ከሌሎቹ ጎን አስቀመጡ፣ እጅ ነሱኝ። እኔም እጅ ነሳሁ። እሳቸውም ደገሙ። ኪሩቤል ጎትቶ ባያስገባኝ ኖሮ እስከ ዛሬ እጅ እየተነሳሳን በቀረን ነበር።

ምግቡ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፤ ሃሩካ ለጋሽ ሰዒድ ብላ አስቀድማ ስላስጠነቀቀች ሁሉም ዓሣና አትክልት ነው። አያቷ፣ ወገባቸው የጎበጠ ትንሽዬ አሮጊት፣ እንድንቀመጥ በእጃቸው አመለከቱ።

ጋሽ ሰዒድ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው በቁማቸው ቀሩ። «ለጉዳይ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ እህልም አይቀምስም።»

እኔም ቆምኩ። እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና አቶ ሞሪም ቆሙ። አያትየውም ምሰሶ ይዘው ቆሙ። ሾርባው እንፋሎቱን እየጨረሰ ነው።

ጋሽ ሰዒድ ዕድሜ ልካቸውን በእንግሊዝኛ ታክሲ ነድተዋል፤ «ሽምግልና ግን በፈረንጅ አፍ አይሆንም» አሉ። ስለዚህ እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ ኪሩቤል ለሃሩካ በእንግሊዝኛ ይነግራታል፣ ሃሩካ ለአባቷ በጃፓንኛ። ልብ በሉ፤ ልጅቷ የራሷን ሽምግልና ልታስተረጉም ነው።

ጋሽ ሰዒድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የተከበሩ አቶ ሞሪ፣ ከእናንተ ጓሮ ያማረ ተክል መኖሩን ሰምተን ነው ባሕር አቋርጠን የመጣነው። ከእኛም ዘንድ በእንክብካቤ ያደገ ተክል አለ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢተከሉ ደግ ፍሬ ያፈራሉ ብለን ለመለመን ነው።»

ሃሩካ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሰሙን ብቻ ይዛ ወርቁን ዋጠችው። ተክል የተባለውን ተክል ብላ፣ ለገበሬው አባቷ እንዳለ አቀረበችው።

አቶ ሞሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። አንድ ነገር ጠየቁ። ሃሩካ ወለሉን እያየች በእንግሊዝኛ፣ «ዝርያው ምንድን ነው ይላሉ» አለች።

ጋሽ ሰዒድ በደስታ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘር ጠየቁ! ወግ ያውቃሉ፣ አላልኩሽም?» ብለው የኪሩቤልን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየጠሩ ሰባት ቤት ድረስ ቆጠሩ። ኪሩቤል «ቬሪ ኦልድ ፋሚሊ» ብሎ አሳጠረው። ሃሩካ ደግሞ ምን እንዳደረገችው እንጃ፣ አቶ ሞሪ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አሉ?»

«ይቅርታ፣ ከውጭ የመጣ እዚህ መትከል በሕግ የተከለከለ ነው» አለች ሃሩካ።

የጋሽ ሰዒድ ፊት ጠቆረ። «ሕግ አወጡብን? ለምን?»

አቶ ሞሪ በሐዘን መለሱ። ሃሩካ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በሽታ ያመጣል» አለች።

«በሽታ?» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «የእኛ ልጅ? ምንትዋብ፣ ነጠላዬን... ለብሼዋለሁ እንዴ? ነይ እንሂድ!»

አቶ ሞሪ ደግሞ እንግዳው ለምን እንደተቆጡ ግራ ገብቷቸው በመስኮት የፖም ዛፎቻቸውን ያሳያሉ። የገባኝ ያኔ ነው። ለካ ሰውየው ስለ ኪሩቤል ሳይሆን ስለ ችግኝ ነው የሚያወሩት!

«ስቶፕ!» አልኩ። ሥራ ላይ የምጠቀምባት ድምፅ ሳላስበው ወጣች። ሁሉም ደረቀ። «ጋሽ ሰዒድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ የሚናገሩት ቅኔ ነው፣ ሰውየው የሚሰሙት እርሻ ነው። እኔ ልናገር።»

ጋሽ ሰዒድ ለአፍታ አዩኝና እጃቸውን ዘረጉ። «ሽማግሌ ነሽ፤ ተናገሪ።»

«ሃሩካ፣ የኔ ልጅ» አልኳት በእንግሊዝኛ፣ «ስቶፑ ላይ በጣም ቆየሽ። አሁን ተራሽ ነው፣ እለፊ። እንዲህ በያቸው፦ ቅጠል ልናይ አልመጣንም። ኪሩቤል ሊያገባሽ ይፈልጋል። አንቺም ትፈልጊዋለሽ። እኛ የመጣነው አባትሽን ልንለምን ነው።»

ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። ከጣቶቿ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ቃል ወጣ። አቶ ሞሪ ልጃቸውን አዩ፣ አንድ ቃል ጠየቋት። እሷም «ሃይ» አለች። «አዎ» ማለት ነው፤ ከሁሉም በፊት የለመድኩት ይህቺን ቃል ነው። አቶ ሞሪ ዞር አሉና ክፍሉን ለቀው ወጡ።

ኪሩቤል ግድግዳውን ተደገፈ። «ኢትስ ኦቨር፣ አለቀ» አለ።

«ዝም በል» አሉት ጋሽ ሰዒድ፤ «በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። እኔ አምስት ጊዜ የተመላለስኩበት ቤት አለ።»

«ጋሼ፣ ጃፓን ነው እኮ ያለነው! አምስቴ ልንመላለስ ነው?»

አያትየው ምሰሶውን ለቀቁና በምግቡ ላይ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ኬ» አሉ። ሃሩካን አየናት። «የአገራችን ዘዬ ነው፤ ብሉ ማለቷ ነው» አለች።

«መልስ ሳናገኝ አንበላም በያቸው» አሉ ጋሽ ሰዒድ።

ነገረቻቸው። አሮጊቷ ጋሽ ሰዒድን ቀና ብለው አዩና ማንኪያውን እያወዛወዙ «ኬ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ሰዒድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግን ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሹ።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና አቶ ሞሪ ገቡ። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ክራቫት አስረዋል። ጸጉራቸውን በውኃ አበጥረዋል። ከኪሩቤል ፊት ተንበርክከው ተቀመጡና ረዘም አድርገው ተናገሩ፤ ከደረስን ጀምሮ የተናገሩት ቢደመር ያንን አያህልም።

«እንዲህ ያለ ነገር በእርሻ ሹራብ አይሰማም ይላሉ» አለች ሃሩካ። «ባለማወቃቸው ቆማችሁ በመቆየታችሁ ይቅርታ ይጠይቃሉ። እና... ላስብበት ይላሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጋሽ ሰዒድ። «እኛ ዘንድ ላስብበት ማለት እሺ ማለት ነው።»

ሃሩካ እንባዋ ወረደ። «እኛ ዘንድ ላስብበት ማለት እምቢ ማለት ነው።»

የትኛው ይሁን? ማንም ሊጠይቃቸው አልደፈረም። ጋሽ ሰዒድ «ቀጠሮ ከተሰጠ መቀመጥ ይፈቀዳል» ብለው ፈረዱና የቀዘቀዘውን ሾርባ በላን። ክፉ ነገር እስኪነገረው የሚጠብቅ ሰው እንዴት እንደሚውጥ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካደርንበት ሆቴል ልንሰናበት ብንሄድ የአቶ ሞሪ የቀኝ እጅ አብጧል። ለካ ትናንት በእኔ ጫማ ሲወድቁ አንጓቸው ዞሮ ኖሯል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ፖሙ ደግሞ መለቀም አለበት። ትንሿ ነጭ የጭነት መኪናቸው በማርሽ የምትነዳ ናት፤ ሃሩካና ኪሩቤል አውቶማቲክ እንጂ ማርሽ አያውቁም።

«እኔ እነዳለሁ» አልኩ። በጫማዬ የጣልኩት ሰው አጠገቤ ቆሞ እያለ ምን ልበል?

ኪሩቤል፣ ሃሩካና ጋሽ ሰዒድ ዛፍ ሥር ለቀማ ገቡ። እኔ መሪው በቀኝ ያለችውን መኪና በእርሻው ውስጥ መንገድ መንዳት ጀመርኩ፤ አቶ ሞሪ በግራዬ ተቀመጡ። በየመታጠፊያው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን እየያዙ ነው! ፍሬን የሌለበት ቦታ! ሃያ ዓመት ተማሪዎቼን ያስጨነቅሁበትን በራሴ ላይ አየሁት። ወደ እግራቸው አመለከትኩና «ኖ ብሬክ» አልኳቸው። እግራቸውን አዩት፣ አፈሩ፣ ሰበሰቡት። በሚቀጥለው መታጠፊያ እንደገና ረገጡት።

ከፍ ካለች ቦታ ላይ ስንደርስ እንድቆም ምልክት ሰጡኝ። ባዶውን መንገድ እያዩ፣ ሌሊቱን ሲያጠኑት ያደሩ በሚመስል እንግሊዝኛ ጠየቁኝ።

«ሃሩካ... አሜሪካ... ላፍ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ጣታቸውን አፋቸው ዳር አድርገው ወደ ላይ ገፉት። ትስቃለች ወይ ነው የሚሉት። ስለ ኪሩቤል ሥራ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሃይማኖቱ ምንም አልጠየቁም። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ምን ያህል እንደነበረ እኔ አላውቅም፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን ገመትኩ።

ስልኬን አወጣሁ። ሃሩካ መንዳት ስትማር ኪሩቤል ከኋላ ወንበር የቀረጸው ቪዲዮ አለኝ። ፍሬቻ አብራለሁ ብላ የዝናብ መጥረጊያውን ታበራለች፤ እሱን አጠፋለሁ ብላ ውኃ ትረጫለች፤ እኔ እጮኻለሁ፤ እሷና ኪሩቤል እንባቸው እስኪፈስ ይንከተከታሉ። አቶ ሞሪ አዩት። «አጌን» አሉ። ደገምኩላቸው። በሦስተኛው ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ሸፈኑ።

እኔም ሆድ ባሰኝና የእጅ ፍሬን ሳልይዝ እግሬን ከፍሬኑ አነሳሁ። የመንዳት አስተማሪዋ! መኪናዋ ፖም እንደጫነች ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አቶ ሞሪ «ብሬክ! ብሬክ!» እያሉ ወለሉን በሁለት እግራቸው ደበደቡት። እኔም ደንግጬ ረገጥኩት፤ ቆመች፤ ከኋላ ያለው ሣጥን ተገለበጠና ፖሙ ቁልቁል ተንከባለለ። ከታች ጋሽ ሰዒድ ነጠላቸውን ዘርግተው ለመያዝ ሲሯሯጡ አየናቸው። ያ ዝምተኛ ሰውዬ ዳሽቦርዱን እየመቱ፣ ልክ እንደ ልጃቸው በመላ ሰውነታቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ዕንባቸውን ጠርገው፣ «ኦኬ» አሉኝ። «ሃሩካ፣ ኪሩቤል፣ ኦኬ።»

ወርደን ለሁሉም ሲነግሩ ሃሩካ እንደገና አስተረጎመች። በየዓመቱ ለለቀማ ይምጡ፤ ሌላ የምጠይቀው የለም ብለዋል። ጋሽ ሰዒድ ፖም የታቀፈውን ነጠላቸውን መሬት ላይ አኑረው እጃቸውን ዘረጉና መረቁ። አቶ ሞሪና አያትየው ምርቃቱን ባያውቁትም መዳፋቸውን ከፈቱ፤ እኛ «አሜን» ባልን ቁጥር እነሱ «ሃይ» አሉ።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። ልጆቹ ተጋብተው ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። የእኔ ሕይወት ግን ከእነሱም በላይ ተለወጠ። ጋሽ ሰዒድ በየሰዉ ቤት «ሽምግልናውን የጨረሰችው ምንትዋብ ናት» እያሉ አወሩና ስልኬ ማረፊያ አጣ። መጀመሪያ «ሴት ሽማግሌ?» ያሉ ነበሩ፤ አሁን ክሪስታል ሲቲ ያለ ሙሽራም፣ ጀርመንታውን ያለ ጎረምሳም ኮል የሚያደርገው ለእኔ ነው። የራሱን ትዳር ማቆየት ያልቻለ ሰው የሰው ትዳር ሲለምን ይገርማል አይደል? እኔንም ይገርመኛል።

ድሮ እኔም እንደ ሁላችሁ ሙሽራው ምን ይሠራል፣ ወረቀት አለው ወይ፣ የማን ልጅ ነው ነበር የምለው። ዛሬ የልጅቷን ቤት ስረግጥ መጀመሪያ የማስበው የአቶ ሞሪን ጥያቄ ነው። ወላጆች ሆይ፣ አንድ ቀን እኔና ብጤዎቼ ደጃችሁ ላይ ቆመን አንቀመጥም እንላችሁ ይሆናል። የልጁን ዲግሪ ከመጠየቃችሁ በፊት ከእሱ ጋር ስትሆን ትስቃለች ወይ ብላችሁ ጠይቁን። እኛ ሽማግሌዎች «እንዴታ!» ማለታችን አይቀርም፤ አትመኑን። ልጃችሁን እዩአት።